ክሪዮሶትና ፔንታ የጠጣ አፈርን ለማጠብ የትኛው አሟሚ ይሻላል?

እንጨት እንዳይበሰብስና ምስጥ እንዳይበላው የሚነከርባቸው ኬሚካሎች ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ። ችግሩ እንጨቱ ላይ ብቻ አለመቅረታቸው ነው። የመብራት ምሰሶና የባቡር ሐዲድ እንጨት ሲታከምባቸው በኖሩ ግቢዎች አፈሩም አብሮ ሲነከር ኖሯል። እንጨቱ ከማከሚያው ወጥቶ ጠብ ጠብ እያለ የሚደርቅበት ቦታ በተለይ ለዓመታት ጠጥቷል። ግቢው ሲሸጥ ወይም ለሌላ ነገር ሲፈለግ ጥያቄው ይመጣል። ይህን አፈር ምን እናድርገው?

አንዱ መልስ ቆፍሮ አውጥቶ በአሟሚ ማጠብ ነው። ቅባት የነካው ልብስ በውሃ አልለቅ ሲል በቤንዚን እንደሚጸዳው ማለት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምርጫው ግን ያደናግራል። አንዱ አቅራቢ አልኮል ይላል፣ ሌላው ፈሳሽ ጋዝ፣ ሌላው የአትክልት ዘይት፣ ሌላው «ሳሙናና ውሃ ይበቃል» ይላል። ሁሉም ደግሞ «99 በመቶ ያወጣል» የሚል ወረቀት አለው።

ወረቀቶቹ ውሸት ላይሆኑ ይችላሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጥቂት ግራም አፈርን በአሴቶንና በሄክሳን ድብልቅ ለሰዓታት ቢያጥቡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር ይወጣል። እንዲያውም ላብራቶሪዎች አፈሩ ውስጥ ስንት ኬሚካል እንዳለ የሚለኩት በዚሁ መንገድ ነው። ከአፈሩ ማስለቀቁ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ አሟሚውን መልሶ ከአፈሩ ማውጣት፣ አጥርቶ እንደገና መጠቀም፣ የተለቀመውን መርዝ ደግሞ የሆነ ቦታ ማድረስ ነው። ከታች አማራጮቹን የማያቸው በዚህ ዓይን ነው።

በቅድሚያ፣ አፈሩ የጠጣው ምንድን ነው?

ይህን ሳያውቁ አሟሚ መምረጥ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው። የእንጨት መከላከያዎች ሦስት ትልልቅ ቤተሰቦች አሏቸው። ጠባያቸው አይገናኝም።

ክሪዮሶት ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣ ጥቁርና የሚሸት ዘይት ነው። ከክብደቱ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ባለብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ውህዶች ናቸው። ቀለል ያሉት፣ እንደ ናፍታሌን ያሉት፣ በቀላሉ ይለቃሉ። እንደ ቤንዞፓይሪን ያሉት ከባዶቹ ግን አፈሩን የሙጥኝ ይላሉ። ክሪዮሶት ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሲደርስ አይንሳፈፍም፤ ይሰምጣል።

ፔንታክሎሮፌኖል፣ በሥራ ቦታ «ፔንታ» የሚባለው፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያገለገለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ያህሉ ናፍጣ መሰል ዘይት ውስጥ ተሟሙቶ ነው እንጨት ላይ የሚውለው። ስለዚህ ፔንታ ያለበት አፈር ዘይትም አለበት። ፔንታ ደካማ አሲድ ነው፤ ጠቃሚው ጠባዩም ይህ ነው። አካባቢው አሲዳማ ሲሆን ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ በአንድ ሊትር 14 ሚሊግራም አካባቢ ብቻ ነው። ፒኤች (ከፍ ሲል አሲድነቱ መቀነሱን የሚያሳይ መለኪያ) ከ4.7 እያለፈ ሲሄድ ግን ወደ ጨውነት ይለወጣል። የሶዲየም ጨው ሲሆን ደግሞ ውሃ ውስጥ እንደልቡ ይሟሟል።

ፔንታ ብቻውን አይመጣም። ሲመረት አብረውት የሚፈጠሩ፣ ዳዮክሲን የሚባሉ ክሎሪን ያላቸው መርዞች አሉ። እነዚህ ውሃን የሚጠሉ፣ አፈር ላይ የሚጣበቁ፣ በጣም በትንሽ መጠን የሚለኩ ናቸው። ፔንታው ታጥቦ ከሚፈቀደው በታች ሲወርድ ዳዮክሲኑ እዚያው ሊቀር ይችላል። ብዙ ሥራ «አለቀ» ከተባለ በኋላ እንደገና የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ፔንታ በ2015 ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚገድበው የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ለመብራት ምሰሶና ለምሰሶው አግዳሚ እንጨት የሚሆን የተወሰነ ፈቃድ ብቻ ተትቶለት ነበር።

ሦስተኛው ሲሲኤ ነው። የክሮሚየም፣ የመዳብና የአርሴኒክ ድብልቅ። እንጨቱን አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ አጭር ነው፤ ብረትና አርሴኒክን አልኮልም ፕሮፔንም አያወጣም። አሲድ ወይም ብረትን ቆንጥጠው የሚይዙ ኬሚካሎች ያስፈልጋሉ፤ ካልሆነም አፈሩን በሲሚንቶ ማሰር። ግቢያችሁ ሲሲኤ ብቻ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ።

አስቸጋሪው ድብልቁ ነው። ብዙ የቆዩ ግቢዎች መጀመሪያ ክሪዮሶት፣ ቀጥሎ ፔንታ፣ በመጨረሻ ሲሲኤ ተጠቅመዋል።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ ግልጽ ነው። አሟሚው የእናንተን ኬሚካል ያሟማል ወይ? ከዚህ አንጻር አብዛኞቹ ያልፋሉ። ስለዚህ ብዙ አይለይም።

ሁለተኛው እርጥበትና ሸክላ ነው። አፈር ደርቆ አይመጣም። 15 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ቶን አፈር 150 ሊትር ውሃ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ 2,000 ሊትር 95 በመቶ አልኮል ብናፈስበት ድብልቁ ወደ 88 በመቶ ይወርዳል። ለፔንታ ይህ ምንም አይደለም። ለከባዶቹ ባለብዙ ቀለበቶች ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። ከውሃ ጋር የማይዋሃድ አሟሚ ከሆነ ደግሞ ውሃው የአፈሩን ቅንጣት ሸፍኖ ያስቀረዋል፤ አሟሚው ጭራሽ ኬሚካሉን አይነካውም። ሸክላ አፈርም ሲረጥብ ይድቦለቦላል። ድቡልቡሉ ካልተሰበረ ውስጡ ሳይታጠብ ይወጣል።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው አሟሚውን መመለስ ነው። እስቲ ስሌቱን እንየው። አንድ ቶን አፈር በ2,000 ሊትር ታጠበ እንበል። ከተንጠፈጠፈ በኋላ 200 ሊትሩ አፈሩ ውስጥ ቀረ። ኬሚካሉ በሙሉ ቢሟሟ እንኳ አንድ አሥረኛው ከተረፈው ፈሳሽ ጋር አፈሩ ውስጥ አለ። ማለትም በአንድ እጥበት ከ90 በመቶ በላይ ማውጣት አይቻልም፤ አሟሚው የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን። ሁለተኛ እጥበት ሲጨመር ቀሪው 1 በመቶ ይሆናል፣ በሦስተኛው 0.1 በመቶ። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር የመጨረሻው ጥቂት ክፍል እያደር ግትር ይሆናል፤ ለ30 ዓመት አፈር ውስጥ የከረመ ክሪዮሶት ወደ ሬንጅነት ተቀይሮ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ተወትፏል።

ያ 2,000 ሊትር ደግሞ አይጣልም። ተፍልቶ፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ፣ ይመለሳል። ይህን ያህል አልኮል ወደ እንፋሎት ለመቀየር ብቻ 370 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። ለአንድ ቶን፣ ለአንድ እጥበት! ደህና መሣሪያ የእንፋሎቱን ሙቀት መልሶ ይጠቀምበታል። አሟሚውንም በተቃራኒ አቅጣጫ ያስኬደዋል፤ ንጹሑ አሟሚ ንጹሕ ሊሆን የቀረበውን አፈር ያገኛል፣ የቆሸሸው ደግሞ አዲስ የገባውን። አቅራቢያችሁ ይህን ካላደረገ ዋጋው የሚጨምረው በነዳጅ በኩል ነው።

አራተኛው እሳትና ሳንባ ነው። አምስተኛው አፈሩ ውስጥ የሚቀረው ትንሽ አሟሚ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ስድስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። እጥበት መርዙን አያጠፋም፤ ይሰበስበዋል እንጂ። አሟሚው ተንኖ ሲያልቅ ማፍያው ታች ጥቁር ዝቃጭ ይቀራል። ብዛቱ ከአፈሩ አንጻር ኢምንት ነው፣ መርዙ ግን ሁሉም እዚያ ነው። ፔንታና ዳዮክሲን ያለበት ዝቃጭ ለዚህ የተፈቀደለት ከፍተኛ ሙቀት ያለው ማቃጠያ ይፈልጋል። በደንብ ባልተቆጣጠሩት እሳት ማቃጠል አዲስ ዳዮክሲን መፍጠር ነው። በአካባቢያችሁ የሚቀበል ተቋም ከሌለ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ ትርጉም የለውም።

ኤታኖልና የአልኮል ዘመዶቹ

ከኤታኖል ልጀምር፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚነጻጸሩት። ከውሃ ጋር በፈለጉት መጠን ይዋሃዳል። ስለዚህ እርጥብ አፈር አያስፈራውም። ፔንታን በደንብ ያወጣል። የሚገርመው ለፔንታ ንጹሕ አልኮል አያስፈልግም፤ ግማሽ አልኮል ግማሽ ውሃ ብዙ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ውሃው የሸክላውን ድቡልቡል ያላላል፣ አልኮሉ ፔንታውን ይዞ ይወጣል። ለክሪዮሶት ግን መጠኑ ከፍ ማለት አለበት። ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ ከባዶቹ ቀለበቶች መቅረት ይጀምራሉ።

አፈሩ ውስጥ የሚቀረው ኤታኖል ችግር አይደለም፤ ተህዋስያን ይበሉታል። ሲበሉት ግን ኦክስጅን ስለሚጨርሱ አፈሩን ወዲያው ጠቅጥቆ መቅበር ሽታ ያመጣል።

ድክመቱ እሳት ነው። ንጹሕ ኤታኖል በ13 ዲግሪ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። በውሃ ግማሽ በግማሽ ቢቀጥንም ይህ ሙቀት ከፍ የሚለው ወደ 24 ዲግሪ ብቻ ነው። «ውሃ ስላለበት አይቀጣጠልም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግቢያችሁ አታስገቡት። ሌላው ነገር ኤታኖል በተራ ማፍላት ከ95.6 በመቶ በላይ አይጠራም፤ የመጨረሻው ውሃ አብሮት ይተናል። ለዚህ ሥራ ግን ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ሜታኖል ርካሽ ሊሆን ይችላል። ለሠራተኛ ግን አደገኛ ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ በቆዳም ይገባል። እኔ አልመርጠውም። አይሶፕሮፓኖል ከኤታኖል ብዙም አይለይም፤ በ82 ዲግሪ ይፈላል፣ ለዘይት ትንሽ ይሻላል። የትኛው ርካሽ እንደሆነ ዐይታችሁ ውሰዱ።

አንድ ብልሃት አለ። ፔንታ አሲድ ስለሆነ አልኮሉ ውስጥ ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ቢጨመር በፍጥነት ይለቃል። ያምራል። ሁለት ወጥመዶች ግን አሉት። ሶዲየሙ ሸክላውን ይበትነዋል፤ ከዚያ ያ ጭቃማ ፈሳሽ አልጠልል፣ አልጣራ ብሎ ቀናት ይወስዳል። ሁለተኛው የከፋ ነው። ግቢው ሲሲኤም ያለበት ከሆነ ፒኤች ሲጨምር አርሴኒክ ከአፈሩ ይለቃል። ፔንታ ለማውጣት ሄዳችሁ ሌላ መርዝ ፈታችሁ ማለት ነው።

አሴቶን

በጉልበት ከኤታኖል ይበልጣል። ፔንታም ክሪዮሶትም ይወጣሉ፣ ከውሃም ጋር ይዋሃዳል። በ56 ዲግሪ ስለሚፈላ ለመመለስ የሚፈልገው ጉልበት ያነሰ ነው። ተፈልቶ ሲመለስም ከውሃው ሙሉ በሙሉ ሊለይ ይችላል። በእነዚህ መለኪያዎች ብቻ ቢሆን አንደኛ ነበር።

ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። በሌላ አባባል፣ በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ቤንዚን ነው። ታንኩ ሁሉ የታሸገ፣ በናይትሮጅን የተሞላ፣ መብራቱና ሞተሩ ብልጭታ የማያወጣ መሆን አለበት። ይህን ማድረግ የለመደ ድርጅት ካለ አሴቶን ጥሩ ነው። ድንኳን ተክሎ በርሜል ደርድሮ የሚመጣ ከሆነ ይቅር። ኮስቲክ ሶዳም አይጨመርበት፤ አሴቶን በእሱ ፊት እርስ በርሱ ተያይዞ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል።

ሄክሳንና ዳይክሎሮሜቴን በአንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል። ሄክሳን ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ እርጥብ አፈር ላይ ይሸነፋል። በዚያ ላይ ነርቭ ይጎዳል። ዳይክሎሮሜቴን አይቀጣጠልም፣ በ40 ዲግሪ ይፈላል፣ ሁሉንም ያሟማል። ነገር ግን ለካንሰር የሚያሰጋ ስለሆነ አሜሪካ በ2024 አብዛኛውን አጠቃቀሙን አግዳለች። የተበከለ አፈርን በሌላ ክሎሪን ያለው ኬሚካል ማጽዳት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ትራይኤቲላሚን

ይህ ብልህ አሟሚ ነው። ከ18 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ከውሃ ጋር ይዋሃዳል። ሲሞቅ ይለያል። ስለዚህ አቀዝቅዘው እርጥቡን አፈር ያጥቡበታል፤ ውሃውንም ዘይቱንም አንድ ላይ ይዞ ይወጣል። ቀጥሎ ፈሳሹን ሲያሞቁት ውሃው ከታች፣ አሟሚውና ዘይቱ ከላይ ሆነው ይለያያሉ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ዘይታማ ዝቃጭ ላይ በትልቁ ተሠርቶበታል። ለውሃ የበዛበት የክሪዮሶት ጭቃ፣ ለቀድሞ የፍሳሽ ኩሬ ታች፣ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ይመስለኛል።

ችግሮቹስ? ሥራው የሚሄደው ፒኤቹ ወደ 10 ከፍ ሲል ነው። በዚያ ፒኤች ፔንታ ጨው ሆኖ ከዘይቱ ጋር መሄዱን ትቶ በውሃው በኩል ሊወጣ ይችላል። እናም ውሃውን ለብቻው ማከም ያስፈልጋል። ሽታው ደግሞ የበሰበሰ ዓሣ ነው፤ ጎረቤት አይታገሠውም። ተኑ የሠራተኛን ዕይታ ያደበዝዛል፣ ሁሉም ነገር በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። መኖሪያ ቤት አጠገብ አይሞከርም።

ፈሳሽ ፕሮፔንና ሌሎች የታመቁ ጋዞች

እዚህ ላይ የማስመለሱ ጥያቄ በጣም የሚያምር መልስ ያገኛል። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሙቀት ወደ 8 ባር ግፊት ሲታመቅ ፈሳሽ ነው። ግፊቱ ሲለቀቅ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ ዘይቱን ጥሎ። ማፍላት የለም፣ አፈሩ ውስጥም ከሞላ ጎደል ምንም አይቀርም።

ፕሮፔን ዘይት ይወዳል። ክሪዮሶትና የፔንታው ናፍጣ ይመቹታል። ጨው የሆነ ፔንታን ግን አይነካም፤ አስቀድሞ አፈሩን አሲዳማ ማድረግ ያስፈልጋል። እርጥብ ሸክላም ይከለክለዋል። በ1988 በአሜሪካ በኒው ቤድፎርድ ወደብ ደለል ላይ በፕሮፔንና ቡቴን ድብልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ እዚያ የነበረው ኬሚካል ፒሲቢ የሚባል፣ ክሎሪን ያለው ዘይታማ መርዝ ነው። ደለሉን ደጋግሞ ማሳለፍ አስፈልጓል። አረፋና መሣሪያው ውስጥ ተጣብቆ የሚቀር ደለልም ሥራውን አስቸግረዋል። አፈር እንደ ዘይት በቧንቧ አይሄድም፤ የግፊት መሣሪያ ሻጮች ይህን ቶሎ አይነግሯችሁም።

ዳይሜቲል ኤተር የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከፕሮፔን የሚለየው ውሃን በከፊል ስለሚያሟማ እርጥብ አፈር ውስጥ ዘልቆ መግባቱ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከ31 ዲግሪና ከ74 ባር በላይ ሲሆን አሟሚ ይሆናል። አይቃጠልም፣ አፈሩ ውስጥም መርዛማ ቅሪት አይተውም። ግን ያን ግፊት የሚችል ብረት ለሺህ ቶን አፈር መግዛት ማን ይችላል? ለላብራቶሪ ይመቻል።

የአትክልት ዘይት

የሱፍ ዘይትን የመሳሰሉት ባለብዙ ቀለበቶችን በደንብ ይስባሉ። ተን ስለሌላቸው የእሳት ሥጋት በጣም ያንሳል፣ ሠራተኛም አያስቸግሩም። በመለኪያ አራት ከሁሉም ይበልጣሉ። በመለኪያ ሦስት ከሁሉም ያንሳሉ። ዘይት ተፈልቶ አይመለስም። ወፍራም ስለሆነ አይንጠፈጠፍም፤ አፈሩ ውስጥ ብዙ ይቀራል። የቀረው ውስጥ ደግሞ የሟሟው መርዝ አለ። ተህዋስያን ዘይቱን ይበሉታል፤ ከባዶቹን ቀለበቶች ግን አብረው መጨረሳቸው ዋስትና የለውም። የቆሸሸውን ዘይት በገቢር ከሰል (ቆሻሻ እንዲስብ ተደርጎ በተዘጋጀ ከሰል) አጥርቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል። አሸዋማ አፈር፣ ክሪዮሶት ብቻ፣ አነስተኛ መጠን ከሆነ ይታሰብ።

ውሃና ሳሙና መሰል ኬሚካሎች

በጥብቅ ካየነው ይህ አሟሚ አይደለም። ግን ሁልጊዜ ከጎን ስለሚቀርብ መነጻጸር አለበት። እጥበቱ የሚሠራው መርዙ ደቃቁ አፈር ላይ ስለሚከማች ነው። አሸዋውንና ጠጠሩን አሻሽቶ ለይቶ ንጹሕ ያደርጋል፤ መርዙን ደለልና ሸክላው ላይ ይሰበስባል። በ1989 በሚኒሶታ ግዛት፣ ኒው ብራይተን በሚገኝ የቆየ የእንጨት ማከሚያ ቦታ ላይ በዚህ ዓይነት ማጠቢያ ተሞክሮ ከታጠበው አፈር ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ፔንታ ተለይቷል። የተለየው ደቃቅ አፈርና ውሃው ግን በተህዋስያን ለብቻቸው መታከም ነበረባቸው።

ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው። አፈራችሁ ውስጥ ደቃቁ ስንት ነው? ከሲሶ በላይ ከሆነ የአፈሩን ትልቅ ክፍል «ቆሻሻ» ብላችሁ ትለዩታላችሁ፤ ብዙም አላተረፋችሁም። አሸዋማ ከሆነ ግን ርካሹ ይህ ነው። ደቃቁን ብቻ ደግሞ በኤታኖል ማጠብ ይቻላል። እኔ ብዙ ጊዜ የምደግፈው ይህን ጥምር መንገድ ነው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ፔንታ | ክሪዮሶት | እርጥብ ሸክላ | አሟሚውን መመለስ | እሳትና ጤና | መነሻ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ኤታኖል ከውሃ ጋር | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ መጠኑ ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ | ጥሩ | ጉልበት ይበላል | እሳት | መካከለኛ |
| አሴቶን | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ቀላል | ከባድ እሳት | ከመካከለኛ በላይ |
| ትራይኤቲላሚን | በውሃው በኩል ሊወጣ ይችላል፣ ውሃው ለብቻው ይታከማል | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | እሳት፣ ሽታ፣ ዓይን | ከፍተኛ |
| ፈሳሽ ፕሮፔን | አሲዳማ ሲሆን ብቻ | ጥሩ | ደካማ | በጣም ቀላል | ፍንዳታ፣ ግፊት | በጣም ከፍተኛ |
| የአትክልት ዘይት | መካከለኛ | ጥሩ | ደካማ | አስቸጋሪ | በጣም አነስተኛ ሥጋት | ዝቅተኛ |
| ውሃና ሳሙና መሰል | ለአሸዋ ጥሩ | ለአሸዋ መካከለኛ | አይሆንም | አያስፈልግም፣ ውሃው ግን ይታከማል | አነስተኛ ሥጋት | ዝቅተኛ |

ታዲያ ማን ምን ይውሰድ?

ያለው አፈር ጥቂት የጭነት መኪና ከሆነ ምንም አትጠቡ። መሣሪያ አምጥቶ መትከሉ ብቻ ከአፈሩ በላይ ያስወጣል። ቆፍሮ ወደ ተፈቀደ ማቃጠያ ወይም ማስወገጃ መላክ ይሻላል። እጥበት ትርጉም የሚኖረው አፈሩ ብዙ፣ ማቃጠያው ሩቅ ሲሆን ነው።

ብዙ አፈር፣ ፔንታ፣ አሸዋማ ከሆነ በውሃ እጥበት ጀምሩ፤ ደቃቁን በግማሽ ኤታኖል ጨርሱ። ሸክላ ከሆነ ቀጥታ ወደ ኤታኖል ሂዱ፤ ድቡልቡሉን የሚሰብር መሣሪያ ግን ከፊት ይኑር።

ክሪዮሶት በሸክላ ከሆነ ከፍተኛ መጠን ያለው ኤታኖል ወይም አሴቶን። ምርጫውን የሚወስነው የሠራተኛው ልምድና የግቢው የእሳት ደህንነት ነው። ውሃ የበዛበት የኩሬ ጭቃ ከሆነና ጎረቤት ከሌለ ትራይኤቲላሚን።

ክሪዮሶት ብቻ ሆኖ፣ ከባዶቹ ቀለበቶች ጥቂት ከሆኑና ጊዜ ካላችሁ ደግሞ አሟሚውን ተዉት። አፈሩን ዘርግቶ፣ እያረሱ፣ ማዳበሪያና እርጥበት እየሰጡ ለተህዋስያን መተው ይቻላል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ርካሽ ግን ነው። ባለ አራትና አምስት ቀለበቶቹ በዚህ መንገድ ቶሎ አይሄዱም፤ ዳዮክሲን ደግሞ ጭራሽ አይነካም።

ዳዮክሲኑ ከፍተኛ ከሆነ ነገሩ ይቀየራል። ዳዮክሲንን የሚያወጣው ውሃ የሌለበት ጠንካራ አሟሚ ነው፤ ግማሽ በግማሽ ኤታኖል አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሙቀት ሕክምና ይመረጣል።

ሲሲኤ ከተደባለቀበት በቅድሚያ በፔንታው በኩል ጀምሩ፣ ኮስቲክ ሶዳ ሳይጨመር። ብረቶቹን በኋላ በአሲድ ማጠብ ወይም በሲሚንቶ ማሰር። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ሲሚንቶው ራሱ ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርግ ፔንታው ውሃ ውስጥ መግባት ይጀምራል።

ሳይቆፈር አሟሚውን ወደ መሬት ውስጥ ማፍሰስም አንዳንዴ ይቀርባል። አልኮል ክሪዮሶትን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነው ደግሞ ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ከታች የማያሳልፍ የሸክላ ንጣፍ ከሌለና ፈሳሹን የሚጎትቱ ጉድጓዶች ካልተዘጋጁ መርዙን ገፍታችሁ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ከተታችሁት ማለት ነው።

ከመፈረም በፊት

አቅራቢው ሙከራውን በማን አፈር እንደሠራ ጠይቁት። ንጹሕ አፈር ላይ ትናንት የፈሰሰ ፔንታ ዛሬ በቀላሉ ይታጠባል። የእናንተ ግን ለአሥርት ዓመታት የከረመ ነው። ስለዚህ ከራሳችሁ ግቢ፣ ከቆሸሸው መሐል፣ ከነእርጥበቱ አፈር ውሰዱ። ሳይደርቅ፣ ሳይነፋ ይሞከር። ደርቆና ተነፍቶ የመጣ ናሙና ሁልጊዜ አሟሚውን ያሞግሰዋል።

አምስት እጥበት አሠሩ። ከእያንዳንዱ በኋላ ፔንታ፣ ባለብዙ ቀለበቶች፣ ዳዮክሲንና አርሴኒክ ይለኩ። ቁጥሩ በሦስተኛው ላይ መውረድ ካቆመና ከሚፈቀደው በላይ ከሆነ አራተኛና አምስተኛ እጥበት ገንዘብ ማፍሰስ ነው፤ አሟሚው መቀየር አለበት።

ከዚያ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ጠይቁ። ከገባው አሟሚ ስንት ሊትሩ ተመለሰ? «አብዛኛው» የሚል መልስ አትቀበሉ። በ1,000 ቶን አፈር ላይ ቶኑ 20 ሊትር ብቻ ቢያስቀር 20,000 ሊትር ጠፋ ማለት ነው፤ እሱም ወይ አየር ላይ ነው ወይ አፈሩ ውስጥ። የዝቃጩንም ነገር በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ስንት ኪሎ ይወጣል፣ ማን ይረከበዋል፣ የተቀባዩ ደብዳቤስ የታለ? ደብዳቤው ከሌለ መሣሪያው ግቢ አይግባ።